የወይን አትክልተኛው ድሜጥሮስና የአያቴ ባሕረ ሐሳብ

ታላቅ ሰው ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ጦር የመራ ወይም በዙፋን የተቀመጠ ሰው ነው። ነገር ግን ጦር ሳይመራ፣ ከተማም ሳይቈረቍር፣ ሕዝብ በየዓመቱ የሚገለገልበትን ነገር ትቶ ያለፈ ሰው አለ። በአገራችን ፋሲካ ዘንድሮ መቼ ይውላል ተብሎ የማይጠየቅበት መንደር የለም፤ መልሱንም የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ የተባለው የዘመን ቍጥር ነው። ይህ ቍጥር በስሙ የሚጠራለት ሰው ድሜጥሮስ ይባላል፤ የእስክንድርያ 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ነበረ። የተከበራችሁ መምህሮቻችንና ወላጆቻችን፣ የተወደዳችሁ የትምህርት ጓደኞቼ፣ የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ በመጽሔታችን ላይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ አንድ ነገር ስለ ሆነ አስቀድሜ እርሱን እናገራለሁ።

በክፍላችን ስታቲስቲክስ የተባለውን ምዕራፍ በጀመርንበት ሳምንት፣ ስታቲስቲክስ እውነተኛ ሒሳብ ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ። እኔ አይደለም ከሚሉት ወገን ነበርሁ። ምክንያቴም፣ እውነተኛ ሒሳብ በማረጋገጫ የሚቆም ነው፤ ቍጥር ለቅሞ መደመርና ማካፈል ግን የመዝገብ ጸሐፊና የነጋዴ ሥራ ነው የሚል ነበር። ጓደኞቼን ለማሳቅ ብዬም፣ ይህ ሒሳብ ከተባለ በጣታቸው አንጓ አበቅቴና መጥቅዕ የሚቈጥሩት አያቴም የሒሳብ ሊቅ ናቸው ማለት ነው ብዬ ተናገርሁ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። እኔም ክርክሩን ያሸነፍሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ቤታችን ሸጎሌ፣ ከከብት ገበያው ብዙም ሳይርቅ ነው፤ አባቴም በግ ነጋዴ ናቸው። በዚያው ቀን ማታ ስደርስ አያቴ ከደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ አባቴና ሦስት ነጋዴዎች ከበዋቸው አገኘኋቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን በመሆኑ በእነዚያ ቀኖች የበግ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ይደራል። ስለዚህ በጉን መቼ ገዝቶ ማደለብ፣ መቼስ አውጥቶ መሸጥ እንደሚሻል ለማወቅ፣ ነጋዴዎቹ የ2018 እና የ2019 ዓ.ም. ፋሲካ መቼ መቼ እንደሚውል አያቴን ይጠይቁ ነበር። አያቴ በወጣትነታቸው በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ እያሳለፉ፣ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ ሁለቱንም ቀኖች ነገሯቸው። ሰዎቹ በሰሙት ቀን ተማምነው ገንዘባቸውን ሊያወጡ ነው። በክፍል ውስጥ የተናገርሁት ነገር ትዝ ሲለኝ ዐፈርሁ። ያቃለልሁት ነገር ምን እንደ ሆነ እንኳ አላውቀውም ነበር።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባሕረ ሐሳብ እንዲያስተምሩኝ አያቴን ለመንኋቸው። እርሳቸው ግን በቍጥር አልጀመሩልኝም፤ ሙያን የሚማር ሰው አስቀድሞ የሙያውን አባት ይወቅ ብለው የድሜጥሮስን ታሪክ ይነግሩኝ ጀመር። ከእርሳቸው የሰማሁትና በኋላ በመጽሐፍ ያነበብሁት ተደምሮ ታሪኩ እንዲህ ነው።

እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ድሜጥሮስ ፊደል ያልቈጠረ የወይን አትክልተኛ ነበረ። በወጣትነቱ ሚስት ቢያገባም፣ ሁለቱ እንደ ወንድምና እንደ እኅት ሆነው በድንግልና ለመኖር ተስማምተው ነበርና ምስጢራቸውን ማንም አያውቅም ነበር። 11ኛው ሊቀ ጳጳሳት ዩልያኖስ ለሞት በተቃረበ ጊዜ፣ በማግሥቱ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣው ሰው በመንበሩ እንደሚተካ መልአክ በራእይ ነገረው። ድሜጥሮስም በአትክልቱ ውስጥ ያለ ወራቱ ያፈራ የወይን ዘለላ አግኝቶ፣ በረከት ለመቀበል ወደ ሊቀ ጳጳሳቱ ይዞት መጣ። እንዲህ ሆኖ ሳያስበው ለታላቁ መንበር ታጨ። የተሾመበት ዘመን በፈረንጆች አቈጣጠር 189 ዓ.ም. ነው።

ይሁን እንጂ ሹመቱን ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። አንዳንዶቹ ሚስት ያለው ሰው በቅዱስ ማርቆስ መንበር እንዴት ይቀመጣል እያሉ ያጕረመርሙ ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው ድሜጥሮስ አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሰብስቦ ብዙ እሳት አስነደደ፤ ፍሙንም አንሥቶ በልብሱ ያዘ፤ በሚስቱም መጐናጸፊያ ላይ አደረገ። ሁለቱም በሕዝቡ መካከል ሲዞሩ ልብሳቸው ሳይቃጠል ቀረ። ከዚያ በኋላ ምስጢራቸውን ገለጠ፤ ያሙት የነበሩትም ይቅርታ ጠየቁት። ይህ ነገር በየዓመቱ መጋቢት 12 ቀን ይታሰባል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ትውፊቱ ሲሾም ዕድሜው ከ60 ዓመት በላይ እንደ ነበረ ይናገራል። በዚያ ዕድሜ አንድ አትክልተኛ፣ በዓለም ታላቅ የዕውቀት ከተማ በሆነችው በእስክንድርያ፣ በፈላስፎችና በከዋክብት ተመልካቾች መካከል ተሾመ፤ ከዚያም መጻሕፍትን መማር ጀመረ። እኛ በ18 ዓመታችን አንድ ምዕራፍ ሲከብደን ጊዜው አልፎብናል የምንል ተማሪዎች ይህን ብናስብ መልካም ነው።

ከትውፊቱ ሌላ የታሪክ ጸሐፊዎችም ስለ ድሜጥሮስ የመዘገቡት አለ። የቂሣርያው አውሳብዮስ በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ስሙ ደጋግሞ ይነሣል። በ202 ዓ.ም. ገደማ በሮማው ንጉሥ በሴፕቲሞስ ሴቬሩስ ዘመን በክርስቲያኖች ላይ ስደት በተነሣ ጊዜ፣ የእስክንድርያ ትምህርት ቤት መምህር አጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ሊዮኒደስ የተባለ ክርስቲያን ተገደለ፤ ኦሪገን የሚባል የ18 ዓመት ገደማ ልጅም ነበረው። ድሜጥሮስ ያን ትምህርት ቤት በአደራ የሰጠው ለዚህ ወጣት ነው። ወጣቱ በኋላ በዘመኑ ስመ ጥር ሊቅ ሆነ። በእኛ ዕድሜ ያለ ልጅ ላይ እንዲህ ያለ አደራ ለመጣል የደፈረው፣ ራሱ ሳይታሰብ የተሾመው ያ ሽማግሌ ነው።

አሁን ድሜጥሮስ ስሙ ወደሚጠራበት ነገር እንምጣ። በዚያ ዘመን ክርስቲያኖች ፋሲካን የሚያከብሩት በአንድ ቀን አልነበረም። በታናሽ እስያ የነበሩት ጨረቃ 14 ቀን በሞላበት ዕለት፣ ሰኞም ይሁን ዓርብ፣ ያከብሩ ነበር፤ በሮምና በእስክንድርያ ግን ከእሑድ በቀር አይሆንም ይባል ነበር። በ190 ዓ.ም. ገደማ በሮማው ሊቀ ጳጳሳት በፊቅጦር ዘመን ስለዚህ ነገር ጽኑ ክርክር ተነሣ። ችግሩም የሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የቍጥር ነበር። ዓመት የፀሐይ ነው፤ ወር የጨረቃ ነው፤ ሳምንት ደግሞ የ7 ቀን ዙር ነው። ፋሲካ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ መጠበቅ አለበት፤ ሦስቱ ግን እርስ በርሳቸው እኩል አይካፈሉም።

ትውፊቱ እንደሚናገረው ድሜጥሮስ ጾሞችና በዓላት ከየዕለታቸው እንዳይነዋወጡ ይመኝ ነበር፤ የነነዌ ጾምና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ሆሳዕናና ትንሣኤ ከእሑድ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ። መልአክም ነገር በምኞት ብቻ አይገኝምና ሱባኤ ግባ፤ ከሌሊቱ 23፣ ከቀኑ 7 ሱባኤ ያዝ አለው። አንድ ሱባኤ 7 ቀን ነው። 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፤ ይህን በ30 ብንገድፈው 11 ይተርፋል። መግደፍ ማለት አካፍሎ ቀሪውን ብቻ መያዝ ነው። 7 በ7 ሲባዛ ደግሞ 49 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል። 11 ጥንተ አበቅቴ፣ 19 ጥንተ መጥቅዕ ተባሉ፤ የባሕረ ሐሳብ ሥራ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ቆመ። ድሜጥሮስም ቍጥሩን ለሮም፣ ለአንጾኪያና ለኢየሩሳሌም ሊቃነ ጳጳሳት ጽፎ ላከላቸው ይባላል።

የታሪክ ተመራማሪዎች የ19 ዓመቱ ዙር ከድሜጥሮስም በፊት በባቢሎን ይታወቅ እንደ ነበረ፣ በአቴናም ሜቶን የተባለ ሊቅ በ432 ዓመተ ዓለም ቅድመ ክርስቶስ እንዳወጣው ይናገራሉ። ዙሩን ለፋሲካ ቍጥር አድርጎ በመጻፍ የሚታወቀው የእስክንድርያው ተወላጅ አናጦልዮስም ከድሜጥሮስ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ የነበረ ነው። ስለዚህ ባሕረ ሐሳብ እንደ ትልቅ ቤት ብዙ እጅ የሠራው ነው፤ የቤቱ አባት ተብሎ በእኛ ዘንድ የሚጠራው ግን ድሜጥሮስ ነው። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ ክርስቲያኖች ሁሉ ፋሲካን በአንድ እሑድ እንዲያከብሩ ተወሰነ።

አያቴ ታሪኩን ከጨረሱ በኋላ ቍጥሩን አስጀመሩኝ። የ2018 ዓ.ም.ን ፋሲካ እንዴት እንዳገኙት ላሳያችሁ። 2018 ላይ 5500 ዓመተ ፍዳን ብንጨምር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህን በ19 ብንገድፈው 13 ይተርፋል፤ መደብ ይባላል። አንዱን ለዘመን ብናትት 12 ይቀራል፤ እርሱም ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 ብናባዛ 132፣ በ30 ስንገድፈው 12፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 ብናባዛ 228፣ በ30 ስንገድፈው 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 በላይ ሲሆን በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ከ14 በታች ሲሆን በጥቅምት ይውላል። 18 ከ14 ይበልጣልና መስከረም 18 ሆነ። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ስለ ነበረ መስከረም 18 እሑድ ነው።

ቀጥሎ የዕለቱ ተውሳክ ይጨመራል። ተውሳክ የቅዳሜ 8፣ የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2 ነው። 18 ላይ የእሑድን 7 ብንጨምር 25 ይሆናል፤ እርሱም መባጃ ሐመር ይባላል። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ነነዌ በጥር፣ በጥቅምት ከዋለ በየካቲት ይገባል፤ ድምሩ ከ30 ካለፈ ግን 30ው ተገድፎ ወሩ በአንድ ይገፋል። ስለዚህ የነነዌ ጾም ጥር 25 ቀን ገባ። በዚህ ላይ የፋሲካን ተውሳክ 9 ብንጨምር 34፤ 30ውን ገድፈን 4። ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት ነው።

ሥርዐቱን በሁለት ምሽት ተማርሁት። በሦስተኛው ምሽት ግን ልቤ ሌላ ነገር ይጠይቀኝ ጀመር። አያቴ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 እንደሚሆኑ ነግረውኛል፤ በ2018ም 12 እና 18 ተደምረው 30 ሆነዋል። ለምን? ደብተሬን አውጥቼ ብጽፈው ምክንያቱ ከዓይኔ ሥር ነበር። አንዱን ወንበር በ11 ማባዛትና ያንኑ ወንበር በ19 ማባዛት ተደምሮ ወንበሩን በ30 ማባዛት ነው። 30 ጊዜ የሆነ ቍጥር በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ሁለቱ ቀሪዎች ተደምረው 30 ከመሆን በቀር ሌላ መንገድ የላቸውም። ወንበሩ አልቦ በሚሆንበት ዓመት ብቻ አበቅቴ አልቦ፣ መጥቅዕ 30 ይባላል፤ ድምሩ ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ለምን የሚለው ጥያቄ አላስተኛኝም። 11 ለምን? 12 የጨረቃ ወሮች 354 ቀን ናቸው፤ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፤ ልዩነቱ 11 ነው። 30 ለምን? ትርፉ ሲከማች አንድ ወር ስለሚሆንና ስለሚወጣ። 19 ዓመት ለምን? በ19 ዓመት ውስጥ ትርፉ 209 ቀን ይሆናል፤ ይህም 7 ወር ሊሞላ አንድ ቀን ብቻ የጎደለው ነው። ስለዚህ 19 ዓመት 235 የጨረቃ ወር ያህላል። የ365 ቀን ከሩብ ዓመት 19 ጊዜ ሲደመር 6939.75 ቀን ነው፤ 235ቱ የጨረቃ ወሮች ደግሞ 6939.69 ቀን ናቸው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ለመሆን 300 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

ፋሲካስ ከእሑድ የማይወጣው ለምንድር ነው? በዓለ መጥቅዕ በየትኛውም ዕለት ቢውል፣ የዕለቱ ተውሳክ ሲጨመርበት የሚደርሰው እሑድ ላይ ነው፤ ቅዳሜና 8፣ ዓርብና 2፣ ሁሉም እሑድ ይሆናሉ። ከመስከረም እስከ ጥር፣ ወይም ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ 4 ወር ነው፤ የእኛ ወር 30 ቀን ስለ ሆነ 120 ቀን ይሆናል። 120 በ7 ሲገደፍ 1 ይተርፋልና እሑድ ወደ ሰኞ ይሻገራል፤ ነነዌም ሁልጊዜ ሰኞ ይገባል። ከነነዌ እስከ ፋሲካ 69 ቀን ነው፤ በ7 ሲገደፍ 6 ይተርፋል፤ ከሰኞ 6 ቀን ብንቈጥር እሑድ። ድሜጥሮስ ተመኝቶት የነበረው ነገር በእነዚህ ቀሪዎች ውስጥ ታስሮ ተቀምጧል። ወንጌላውያኑ 4፣ ዕለታቱ 7፣ የጨረቃው ዙር 19፤ ሦስቱ ሲባዙ 532 ይሆናሉ። ይህ ዐቢይ ቀመር ነው፤ በየ532 ዓመቱ ሁሉ ነገር ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ፋሲካ በ1486 ዓ.ም. በአፄ እስክንድር ዘመን የዋለው እንደ 2018ቱ ሁሉ ሚያዝያ 4 ቀን ነበረ።

ይህን ሁሉ ለአያቴ ሳሳያቸው በጸጥታ ሰሙኝ፤ ከዚያም አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም፣ ከ14 ሲያንስ በጥቅምት ነው ተብለሃል፤ 14 ራሱ ሲሆንስ ምን ይደረጋል አሉኝ። ደነገጥሁ፤ ሥርዐቱ ቀዳዳ ያለበት መሰለኝ። አያቴ ፈገግ ብለው መጥቅዕ 14 ሆኖ እንደማያውቅ፣ ወደ ፊትም እንደማይሆን መምህራቸው እንዳስተማሯቸው ነገሩኝ፤ ለምን እንደማይሆን ግን አንተ ፈልገህ ንገረኝ ብለው ተኙ።

አራት ቀን ፈለግሁ። በመጨረሻም ወንበሮቹን ከአልቦ ጀምሬ በተራ እየጻፍሁ በ19 አባዛኋቸው፤ 14 አልወጣም። ወንበር የ19 ቀሪ ስለ ሆነ ከ18 አያልፍም። ከ18 አልፌ ብቀጥል ግን ወንበር 26 ላይ ስደርስ፣ 26 በ19 ሲባዛ 494 ሆነ፤ በ30 ሲገደፍ 14 ተረፈ። 14 ያለው እዚያ ነው፤ ዙሩ ከመድረሱ በፊት ስለሚያልቅ ማንም አያገኘውም። ሥርዐቱ ስለ 14 ዝም ያለው ረስቶ አይደለም። ይህን ለአያቴ ስነግራቸው ከመደቡ ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። 70 ዓመት ሙሉ የያዙትን ነገር ምክንያቱን ከልጅ ልጃቸው በመስማታቸው ደስ ብሏቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ጥያቄው የእርሳቸው እንጂ የእኔ እንዳልነበረ አልረሳሁም።

በኋላ እንዳነበብሁት በቀሪ መቍጠር በዓለም ትልቅ የሒሳብ ክፍል ነው። የሒሳብ ንጉሥ የሚባለው ጀርመናዊው ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በ1801 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የቀሪ ሒሳብ በማረጋገጫ አቆመው። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ በ1800 ዓ.ም. ደግሞ የፋሲካን ቀን ማውጫ ስሌት አሳትሞ ነበር። የጋውስ እናት ያልተማሩ ሴት ነበሩና ልጃቸው የተወለደበትን ቀን አላስጻፉም፤ ከዕርገት 8 ቀን በፊት ረቡዕ እንደ ነበረ ብቻ ያስታውሱ ነበር ይባላል። ጋውስም የዚያን ዓመት ፋሲካ ቈጥሮ ልደቱ ሚያዝያ 30 ቀን 1777 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አወቀ። ከአያቴ መደብ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ሁለቱ የሚነጋገሩት ነገር አያጡም ነበር።

እንግዲህ በክፍላችን የተነሣውን ጥያቄ እንዴት እመልሰዋለሁ? በሥርዐት የተሰጠን ስሌት እንደ ተሰጠ መፈጸም ብቻውን ሒሳብ አይደለም ማለቴ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቴ ይህ ነገር የአያቴ ጣቶች ብቻ ነው ማለቴ ነው። እኛም ቀመር በቃላችን ይዘን ምክንያቱን ሳንጠይቅ በፈተና ወረቀት ላይ ስናፈስስ የምንሠራው ያንኑ ነው፤ የእኛው በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ ብቻ አይበልጥም። ስሌት ሒሳብ የሚሆነው ለምን ተብሎ ሲጠየቅና ሌላ ሊሆን እንደማይችል ሲታይ ነው። ስታቲስቲክስም እንዲሁ ነው። አማካይ ማውጣት ማንም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የተቈጠረ ነገር ወደ እውነተኛው መጠን ለምን እንደሚቀርብ ለማረጋገጥ ግን የስዊሱ ሊቅ ያዕቆብ በርኑሊ 20 ዓመት ያህል ደክሟል፤ ሥራውም የታተመው ከሞተ ከ8 ዓመት በኋላ በ1713 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። ይህን ሳላውቅ ነበር ስታቲስቲክስን የናቅሁት።

የሒሳብ መምህራችንን አስፈቅጄ የ30ውንና የ14ቱን ማረጋገጫ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ፤ በአያቴ ላይ ስለ ተናገርሁትም በጓደኞቼ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። ከጓደኞቼ አንዱ፣ ሒሳቡ ያለው በማረጋገጫው ውስጥ እንጂ በሥርዐቱ ውስጥ አይደለም ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከረኛል። እኔ ግን ማረጋገጫው ያገኘው እውነት አስቀድሞ በሥርዐቱ ውስጥ ባይኖር ኖሮ ምን ፈልጎ ያገኝ ነበር እለዋለሁ። አልተስማማንም፤ ክርክሩም መልካም ነው።

የድሜጥሮስ የመጨረሻ ዓመታት ያለ ኀዘን አላለፉም። በልጅነቱ አደራ የሰጠው ኦሪገን ያለ እርሱ ፈቃድ በፍልስጥኤም ቅስና በመቀበሉ ተጣሉ፤ ድሜጥሮስም ጉባኤ ሰብስቦ ከእስክንድርያ አሰናበተው፤ ኦሪገንም ሄዶ በቂሣርያ ተቀመጠ። ድሜጥሮስ ብዙ ሳይቈይ በ232 ዓ.ም. ገደማ፣ 43 ዓመት ያህል በመንበሩ ከተቀመጠ በኋላ ዐረፈ። ትውፊቱ ዕድሜው ከ100 ዓመት በላይ እንደ ነበረ፣ ሕዝቡንም በሰዎች ትከሻ እየተሸከሙት እስከ መጨረሻው ያስተምር እንደ ነበረ ይናገራል። የዕረፍቱ መታሰቢያ ጥቅምት 12 ቀን ነው።

በአገራችን በየዓመቱ በመስከረም 1 ቀን ሊቃውንቱ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት በቤተ ክርስቲያን ሲያውጁ፣ የዚያ የወይን አትክልተኛ ቍጥር ይሰማል። እናንተም የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፣ የ2019 ዓ.ም.ን ፋሲካ ራሳችሁ ቍጠሩት፤ መስከረም 1 ቀን ዓርብ ነው። ሚያዝያ 24 ላይ ከደረሳችሁ ልክ ናችሁ፤ ለአባቴና ለነጋዴዎቹ የተነገራቸውም ይኸው ቀን ነው፤ ከ2018ቱ በ20 ቀን ስለ ዘገየ በጎቻቸውን ዘግይተው ይገዛሉ። ቤታችሁ ውስጥ ይህን የሚያውቁ አባት ወይም አያት ካሉም ሳይመሽ ጠይቋቸው። እኔ ለጥቂት ልቀር ነበር።